ልጄን ያስኮበለለው መርዶ

ውሸት አልወድም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ከምን ዓይነት ሰው ቤት እንደወጣ እንድታውቁልኝ ነው። ልጄ ናትናኤል "አባዬ እኮ ኢንሹራንስ ሊሸጡለት ለሚደውሉ ሰዎች እንኳ እውነቱን ነው የሚነግራቸው፤ 'ገንዘብ የለኝም፣ ቢኖረኝም ከእናንተ አልገዛም' ይላቸዋል" እያለ በሰው ፊት ይስቅብኛል። አልዋሸም፤ እንደዚያ ነው የምላቸው።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍና ከመዝገበ ቃላት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያነበበውን አጥብቆ ይይዛል፤ የያዘውንም ለሌላው ካላካፈለ ያመዋል። በዚህ ጠባዬ ብዙ የተሰቃየው ልጄ ነው።

ከናዝሬት ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ወዳለችው ኮሎምበስ የመጣነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ዲቪ የደረሰኝ እኔ ነበርኩ፤ የተሞላው ግን የሦስታችንም ስም ነው። ምርመራው ላይ የባለቤቴ የጥሩወርቅ ሳንባ ነገር ታየበት ተባለና መድኃኒት ጀመረች። መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል። ድና ወረቀቷን ስታገኝ የዲቪው ዓመት አልቆ ነበር። ዲቪ የማንንም ሳንባ አይጠብቅም።

"እናንተ ሂዱ" አለችን፤ "እኔን ትጠሩኛላችሁ። ሦስታችንም ከምንቀር ሁለታችሁ ብትሄዱ ይሻላል።"

ዋይትሆል በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ሥራ ገባሁ፤ ናትናኤል ኢስተን በሚባል የገበያ ሰፈር ካለ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። ለጥሩወርቅ ወዲያው አመለከትኩላት፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሚስቱን ሲጠራ ግን ወረፋው ረጅም ነው። አንድ ቀን ልጄ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፦

"አባዬ፣ አርሚ ልገባ ነው" አለኝ። "ሲቲዝን ቶሎ ያደርጉኛል። ሲቲዝን ከሆንኩ ማሚን እኔ ፋይል አደርግላታለሁ። ለእናት ወረፋ የለውም።"

ወዲያው እሺ አላልኩትም። መጀመሪያ ሕጉን አነበብኩ። መንግሥት የሰጠውን ዜግነት መልሶ የሚነጥቅባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንዱ በማመልከቻው ላይ የዋሸ ወይም ዋና ነገር የደበቀ ሰው ነው። ሌላው ልጄን የሚመለከት ነው፦ በውትድርና ዜግነት ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊወሰድበት ይችላል። ይህን እንዳነበብኩ ልጄን ፊቴ አስቀመጥኩት።

"እዚህ የተወለደ ልጅ ሲያጠፋ ይቀጣል፤ አሜሪካዊነቱን ግን ማንም አይነካውም" አልኩት። "አንተ የምትይዘው በውሰት እንደያዝከው ዕቃ ነው፤ አምስት ዓመት እስኪሞላ ያንተ አይደለም። የኢትዮጵያ ዜግነትህን ደግሞ ይህን ስትይዝ ትለቀዋለህ። ከወሰዱብህ ባዶ እጅህን ነህ።"

"አባዬ፣ ቺል በል። ማን ይባረራል?"

"የተባረሩት ሁሉ እንደዚያ ነው ያሉት።"

ገባ። ሥልጠና ላይ እያለ ምሎ ዜጋ ሆነ። ሕጉ የሚጠይቀው ሃያ አንድ ዓመት እንደሞላው ለእናቱ አመለከተ፤ ማመልከቻው አለፈ፤ የኤምባሲ ቀጠሮ ብቻ ቀረ።

ያኔ ነው ናፍቆት ምን እንደሆነ ያወቅሁት። ሩቅ የሆነ ነገር ብዙ አይናፈቅም፤ ሰው ይለምደዋል። ሊመጣ የተቃረበ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራየሁ። ወጥ ስሠራ ስልኩን ምድጃው አጠገብ አቆመዋለሁ፤ እሷ ከናዝሬት ሆና ታዘኛለች።

"ሽንኩርቱ አረረ።"

"በምን አየሽው? ካሜራው ወደ ጣሪያ ነው።"

"ከዚህ ይሸተኛል! ውኃ ጠብ አድርግበት፣ ሰውዬ።"

መጋረጃ ልግዛ ስላት "አንተ ቀለም አታውቅም፤ ተወው፣ መጥቼ እመርጣለሁ" አለችኝ። ተውኩት።

አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ለሥራ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ወንድም ግርማ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ ላይ መሆን ነበረበት። ከኋላው ባለቤቱ አስቴርና ፓስተሩ ነበሩ። ሐበሻ የሆነ ሁሉ በማለዳ የመጣ ሦስት ሰው ምን እንደሚያመጣ ያውቃል።

"ማን ነው?" አልኩ።

"ጋሼ ታደሰ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል" አለ ግርማ።

"ቆሜ ልስማው።"

"ቁጭ በል አልኩህ።"

ተቀመጥኩ። ግርማ አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን ያዘ። ከዚያ ነገረኝ። ጥሩወርቅ ደም ግፊቷ ድንገት ተነስቶባት ረቡዕ ልብስ እያሰጣች ወደቀች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። እህቷ ለእኔ ሳይሆን ለግርማ ነው የደወለችው። እኔ በሰማሁበት ሰዓት እዚያ ቀብሩ እየወጣ ነበር። ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው። አልተቀየምኩም። በስልክ ብሰማው ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እጁ ትከሻዬ ላይ ባይሆን ከወንበሩ እወድቅ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የልጄ ነገር ተነሳ። ናትናኤል ኬንታኪ ውስጥ ነበር፣ በጦር ሰፈሩ።

"ልጁ በስልክ አይረዳም" አለ ግርማ።

"በፍጹም" አልኩ። "እዚያ ሰው የለውም። ማን ይይዘዋል? ይምጣና እቤቱ ይረዳ።"

"ምን ተብሎ ይጠራል?" አለች አስቴር።

ምክንያቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "አሞኛል እለዋለሁ" አልኩ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ስለ ውሸት ገሥጫለሁ። ያን ቀን ግን ውሸት መሆኑ ትዝ አላለኝም። ለመርዶ የሚባል ውሸት በእኛ ዘንድ ውሸት አይባልም፤ ፍቅር ይባላል። ደወልኩለት።

"ናቲ፣ ቅዳሜ ና እስቲ። ትንሽ አሞኛል።"

"ምን ሆንክ? ሆስፒታል ነህ?"

"አይ፣ ሆስፒታል አልገባሁም። ምንም አይደል። ና ብቻ።"

"አባዬ፣ ዊኬንዱን ፊልድ ትሬኒንግ አለን። ማንም አይወጣም። ቆይ አለቃዬን፣ ሳርጀንቴን ልጠይቃት።"

ከሰዓት በኋላ ደወለ። "'አባትህ ምኑን ነው ያመመው? የትኛው ሆስፒታል ነው? ዶክተሩ ማነው?' አለችኝ። ትንሽ አሞታል ስላት 'ትንሽ ያመመው አባት ሰኞም ይጠየቃል' አለች። ሴርየስ ከሆነ ንገረኝ፤ ወረቀት ካለ ያስወጡኛል።"

በዚያች ደቂቃ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ከቻልክ ና፣ ልጄ" የሚል ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ። ናትናኤል የእኔ ድምፅ ሲሰበር ሰምቶ አያውቅም።

"እሺ" አለ በቀስታ። "እመጣለሁ።"

ዓርብ ስልኩ ተዘግቶ ዋለ። ትሬኒንግ ላይ ነው ብለን አሰብን።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ዙሪያውን ይዘውታል፤ ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር ሬስቶራንቶች ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ሥራ ሳይገቡ ሊያስተዛዝኑኝ ጎራ ብለዋል። ለናትናኤል የተዘጋጀውን ሁላችንም እናውቃለን፦ ሲመጣ ግርማ ፓርኪንጉ ላይ ይቀበለዋል፣ ጎረቤት ቤት ያስገባዋል፣ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ፓስተሩና እኔ እንገባለን። እሱ ግን ቀድሞን መጣ። እኔ እንግዳ ልሸኝ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ቦርሳውን አንግቦ ደረጃውን በሩጫ ወጣ፤ ሲያየኝ ባለበት ደረቀ።

"ቆመሃል" አለኝ።

"ናቲ፣ ና ግባ..."

"አባዬ፣ ቆመሃል እኮ።"

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ ቤት አየ፤ ወንበሮቹን፣ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች።

"አልታመምክም።"

"አልታመምኩም።"

"ማሚ ናት።"

ከአፌ የመርዶ ቃል ሳይወጣ ጤንነቴ መርዶ ሆነው።

አልጮኸም። ስልኩን አወጣና ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። "ሐሙስ ማታ ቮይስ ልኬላታለሁ" አለ። "'ማሚ፣ አባዬ አሞታል፣ አንቺ ጸልዪለት' አልኳት። አልሰማችውም። ኔትወርክ የለም ብዬ ዓርብ ማታም ደገምኩላት።" ከዚያ ስልኩን እንደያዘ ወደ ፊት ተደፋ። ግርማና እኔ ተጋግዘን ያዝነው። ያሰብነው መያዝ ይህ ነበር፤ ጊዜው ግን አልፎበታል።

ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ጭኑ ላይ ያለው ስልክ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"ማነው?"

"ሳርጀንቴ ናት።"

"አንሳላት እንጂ። ፈቃድ የሰጠችህ እሷ አይደለችም?"

"አልሰጠችኝም።"

"ታዲያ እንዴት መጣህ?"

"መጣኋ።"

ብድግ አልኩ። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ሽመልስ አጠገባችን ነበር። ሽመልስ የማያውቀው ሕግ የለም፤ የሚያውቀውም ሕግ የለም።

"ምን ያስደነግጥሃል ጋሼ ታደሰ? ልጁ ሲቲዝን ነው እኮ! ግሪን ካርድ ቢሆን እሺ። ሲቲዝን አንዴ ከሆንክ ፕሬዚዳንቱም አይነካህ!"

"አንተ ሰው፣ ዝም በል" አለችው ሚስቱ። "ስለ መንጃ ፈቃድ የነገርከውን የሰማ ልጅ ይኸው እስከ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል።"

በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ ሰው አፉን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልጄ ያለ ፈቃድ ከሰፈሩ ጠፍቷል። ጊዜው ከረዘመ ኮብላይ ይባላል፤ ኮብላይ በክብር አይሰናበትም፤ በክብር ካልተሰናበተ ደግሞ ዜግነቱ አደጋ ላይ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

"ይውሰዱት" አለ ናትናኤል።

"ምን አልክ?"

"ይውሰዱት አልኩ። ለማን ብዬ ነው የያዝኩት? ሁለት ዓመት ቡትስ የጠረግኩት፣ በዝናብ የተንከባለልኩት፣ ባንዲራቸው ፊት እጄን አንስቼ የማልኩት ለማን ነው? እሷ የለችም። አይ ዶንት ኒድ ኢት።"

በዕድሜ የገፉት እትዬ ዘነበች ከጥግ፦ "ተዉት ልጁን። የእናቱ ሦስተኛ ቀን ሳይወጣ የት ይሄዳል? ወታደር እናት የለውም እንዴ?" አሉ።

ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦ "ሐኪም የሆነ ዘመድ አለኝ። ልጁ ራሱ ታሞ ነበር የሚል ወረቀት ይጽፍልናል" አለኝ።

ያኔ ነቃሁ። "ግርማ" አልኩት፣ "አንድ ሕመም ዋሽተን እዚህ ደርሰናል። ሁለተኛውን ብንጨምርበት የት ልንደርስ ነው?"

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከናትናኤል ጭን ላይ አነሳሁትና መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የእኔ እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ነው፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ሰው ሲናገረው ግን ይቀድመኛል።

"ናትናኤል! የት ነው ያለኸው?"

"ናትናኤል አይደለሁም። አባቱ ነኝ።"

"ሰር፣ ልጅዎ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ከእኔ ጋር ነው።"

"ያለ ፈቃድ ነው የሄደው። ትናንት ስም ሲጠራ አልነበረም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።"

"ካነበቡት ታዲያ..."

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእኔ የነገረኝ ግርማ ነው፤ ለልጄ ማንም አልነገረውም። አሁን ከሰው ሁሉ ለይቼ ለማላውቃት ሴት፣ በስልክ፣ በሰው ቋንቋ ልናገረው ነው።

"ባለቤቴ ሞታለች" አልኩ። "እናቱ። እናቱ ሞታለች።"

"መቼ?" አለች።

"ረቡዕ።"

"ሰር፣ ሐሙስ ቢሮዬ መጥቶ 'አባቴን ትንሽ አሞታል' ነው ያለኝ።"

"እሱ አያውቅም ነበር። እንደዚያ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገሩትም?" ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። በእውነት አልገባትም ነበር።

"በእኛ ዘንድ" አልኳት ቃል እየፈለግሁ፣ "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ሰው ይሄዳል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ይይዘዋል። ልጄ እዚያ ብቻውን ነው። የሚሄድለት ሰው የለውም።"

"ሰር፣ ወታደር ሲሞት ለእናቱ ማን እንደሚነግራት ያውቃሉ? ሁለት ሰው ይሄዳል። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በር አንኳኩተው። እኔ ራሴ ሄጄ አውቃለሁ። እኛም በስልክ አንናገርም።"

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ለእኔ ቢደውሉልኝ ኖሮ" አለች፣ "የሰፈሩን ቄስ፣ ቻፕሊኑን ይዤ እሄድለት ነበር። አጠገቡ እንቀመጥ ነበር። የሚይዘው ሰው ነበረው፣ ሰር። ከዚያም ራሳችን አውሮፕላን ላይ እናሳፍረው ነበር።"

ልጄን በባዕዳን መካከል የተጣለ ብቸኛ አድርጌ አስቤው ነበር። እነዚያ ሰዎች በር እንዴት እንደሚንኳኳ ያውቃሉ። እኔ ግን የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ ዜግነቱ የሚነጠቅበትን ምክንያት ሁሉ ስጠይቅ፣ እዚያ ሲያዝን ማን እንዳለው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘውልኝ ይምጡ" አለችኝ። "በገዛ እግሩ ተመልሶ የመጣ አንድ ነው፤ ተይዞ የመጣ ሌላ ነው። ቅጣት አይቀርለትም። አልዋሽዎትም።"

"አትዋሺኝ" አልኳት።

ናትናኤልን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ ወደ ማረፊያው እየሄደ ነበር፤ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

"ነገ እመልስሃለሁ።"

"አልሄድም።"

"ሕጉ እኮ..."

"አባዬ! ዛሬ ሕግ አትንገረኝ። ፕሊስ። ሌላ ቀን ንገረኝ።"

ሕጉን ተውኩና፦ "ለእሷ ብለህ የያዝከውን ለእሷ ብለህ አትጣለው። ሐዘንህን በስሟ ተሸከመው፤ ጥፋትህን ግን በስሟ አታስመዝግብባት" አልኩት።

"ስብከት ነው።"

"አዎ፣ ስብከት ነው" አልኩ። ሌላ የማውቀው አነጋገር አልነበረኝም። ጎኑ ተቀመጥኩ። "በእኔ ውሸት ነው የመጣኸው፣ ናቲ። እሷን እግዚአብሔር ወሰዳት፤ ዝም እላለሁ። አንተን ግን በገዛ ምላሴ ካጣሁህ ፊቴን የማሳይበት የለኝም። አገር አልባ ሆነህ፣ እኔ እዚህ፣ አንተ የት እንደሆንክ ሳላውቅ... እባክህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ልጄን "እባክህ" ብዬው አላውቅም። አዝዤዋለሁ፣ መክሬዋለሁ፣ ገሥጬዋለሁ።

"ማን ሊነዳ ነው?" አለ።

"እኔ።"

"ሀይዌይ ሰባ አንድ ላይ እንደ ሬሳ መኪና ነው የምትነዳው። ማክሰኞ ነው የምንደርሰው።" ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ትከሻዬ ላይ ራሱን ጣለ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ አለቀስኩ።

እሑድ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ጸለዩልንና ተነሳን። እትዬ ዘነበች ዳቦ በፌስታል አቀበሉን፤ "ለአለቃህም ስጣት፣ ሴት ናት አሉኝ" አሉት። የኦሃዮን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ናትናኤል መስኮቱን እያየ፦

"ስለ እሷ የማላውቀውን ንገረኝ" አለኝ።

ነገርኩት። የሳንባ መድኃኒቷን ስትወስድ በየቀኑ ወደ ክሊኒክ የምትሄደው ለአሜሪካ የገዛችውን ጫማ አድርጋ እንደነበር ነገርኩት። "አዲስ ጫማ እግር ይልጣል፤ ኮሎምበስ ስደርስ እንዳያስነክሰኝ ከአሁኑ ይልመደኝ" ትል ነበር። የናዝሬት አቧራ ላይ በአሜሪካ ጫማ ትመላለስ ነበር። አልደረሰችም እንጂ ጫማው ለምዷት ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ መንገዱን ብቻ ማየት ነበረብኝ፤ መንገዱም ይደበዝዝብኝ ነበር።

ሰፈሩ በር ላይ ሁለት ሰው ይጠብቀን ነበር። አንዷ ሳርጀንቷ ናት፤ ድምፅዋን ሰምቼ ከጠበቅኳት ይልቅ አጭርና ልጅ ናት። ሁለተኛው ሸበቶ ሰው ነው፣ ቻፕሊኑ። ናትናኤል ከመኪናው ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊቆጡት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሳርጀንቷ እንደዚያው ቆመችና፦ "የእናትህን ነገር ትናንት ነው የሰማሁት። በጣም አዝናለሁ" አለችው። ቻፕሊኑ ክንዱን ትከሻው ላይ አደረገ። ሦስት ሆነው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ማለፍ አይፈቀድልኝም ነበር። ዳቦው መኪናው ውስጥ መቅረቱን ያየሁት ሲንሲናቲ ስደርስ ነው።

ልጄ ተቀጣ። ማዕረጉ ወረደ፤ ለሳምንታት ከሰፈር አልወጣም፤ ሌላው ሲያርፍ እሱ ሲሠራ ከረመ። አልተባረረም። አምስቱ ዓመት አሁንም አልሞላም፤ እስኪሞላ ድረስ እኔም ሙሉ እንቅልፍ አልተኛም።

አንባቢዎቼ፣ መርዶን በስልክ ንገሩ እያልኩ አይደለም። ግርማ በማለዳ ባይመጣልኝ ኖሮ እኔ ዛሬ አልኖርም ይሆናል። የምላችሁ ሌላ ነው። ልማዳችን የተሠራው ጎረቤት ለጎረቤት ለሚደርስበት አገር ነው፤ ልጆቻችን ግን አሁን በሌላ ሰው አጥር ውስጥ ናቸው። በሰፈር፣ በዶርም፣ በሆስፒታል የሌሊት ሥራ ላይ ናቸው። የአጥሩን ሕግ ለምን ትጥሳላችሁ ብላችሁ ከመገሠጻችሁ በፊት፣ አጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው እወቁት። የልጃችሁን አለቃ ስም እወቁ። እውነቱን ለእሱ ንገሩትና እሱ ሄዶ ልጃችሁ አጠገብ ይቀመጥ። እጁ ከባዕድ ትከሻ ቢወጣም እጅ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይኸው፦ የመንግሥት ሕግ ዋሽቶ ዜግነት ያገኘን ሰው ሲቀጣ ሳነብ "ይገባዋል" ብዬ ፈርጄ ነበር። አሁንም ይገባዋል እላለሁ። ግን ሰው ከክፋት ብቻ የሚዋሽ ይመስለኝ ነበር። ከፍቅርም ይዋሻል፤ ጉዳቱ ግን አያንስም።

ናትናኤል አሁን እሑድ እሑድ ይደውላል። ቀድሞ "ደህና ነህ?" ሲለኝ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ወደ ምክሬ እገባ ነበር። ባለፈው እሑድ እንዲህ ሆነ፦

"አባዬ፣ ደህና ነህ? እውነቱን።"

ደህና ነኝ ልል ነበር። ተውኩት።

"ደህና አይደለሁም" አልኩት። "እናትህ ናፍቃኛለች።"

ከኋላው ወታደሮች ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

"እኔንም" አለ። "ቆይ፣ ድምፅ ወደሌለበት ልውጣ። አትዝጋው።"

አልዘጋሁትም።